አምስት ለሁለት አይበቃም፦ የኢንተርኔት ስታንዳርድ ቡድኖች ከሚወስኑባቸው መንገዶች ለእናንተ የትኛው ይሻላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰባት ሆነን አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለ «ሀ» ተከራከርን። ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የመጣን ባለሙያዎች ነበርን፤ ሥራችን የደንበኞችን መረጃ ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ የጋራ ቅርጽ ማዘጋጀት ነበር። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብሎ የሚፈልግ ሠራተኛ እንዴት ያግኘው የሚል ጥያቄ ተነሣ። አንዱ «ሀን፣ ሐን፣ ኀን ወደ አንድ ፊደል ለውጠን እናስቀምጥ፣ ተገላገልን» አለ። ሁለቱ አልተስማሙም። በትግርኛ «ሀ» እና «ሐ» የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ የሰው ስም ታበላሻላችሁ አሉ። መሽቷል፣ ቡናው አልቋል፣ ሰብሳቢው «እጅ እናውጣ» አለ። አምስት ለሁለት። ቃለ ጉባኤው ላይ «በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ» ተብሎ ተጻፈና ወደየቤታችን ሄድን።

ከአራት ወር በኋላ ስማቸው የተበላሸባቸው ደንበኞች ቅሬታ መጣ። ፊደሉ አንዴ ከተዋጠ ወዲያ ቀድሞ «ሐ» ይሁን «ኀ» ኮምፒውተሩ ከየት ያውቀዋል? ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ሁለቱ ሰዎች «ብለን ነበር» አላሉንም፤ ጨዋዎች ናቸው። እኔ ከአምስቱ አንዱ ስለነበርኩ ያ ምሽት እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ለኢንተርኔት ስታንዳርድ የሚያወጡ ቡድኖች እንዲህ ያለውን ምሽት ደጋግመው አሳልፈውታል። የሚወስኑበት መንገድ ግን አይመሳሰልም። አንዱ ድምፅ መቁጠርን አይቀበልም፤ ሌላው 75 በመቶ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው አንድ ሰው እንኳ እምቢ ካለ ይቆማል። እዚህ የማነጻጽራቸው የጋራ ሰነድ ወይም የጋራ ፕሮቶኮል (ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ደንብ) የሚያዘጋጅ ቡድን ለሚመራ ሰው እንዲጠቅም ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተጣላችሁት በምንድን ነው?

መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት የጠቡን ዓይነት ለዩ። «ይህ ነገር አይሠራም» የሚል ሰው አለ፤ ይህ የስህተት ክርክር ነው፣ ማስረጃ ይፈታዋል። «ሁለቱም ይሠራሉ፣ እኔ ግን ያኛውን እወዳለሁ» የሚልም አለ፤ ይህ የምርጫ ክርክር ነው፣ ቢመሽ ቢነጋ ማስረጃ አይፈታውም። «ያኛው ከተመረጠ ኩባንያዬ ይጎዳል» ብሎ የሚያስብ፣ ግን አፍ አውጥቶ የማይናገረው ደግሞ አለ፤ እሱ የጥቅም ክርክር ነው። አራተኛው «ይህን መሥራት ራሱ ነውር ነው» የሚለው የእምነት ክርክር ነው።

ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከሉት አንዱን ዓይነት ክርክር ለሌላው በተሠራ መንገድ ሊፈቱ ሲሞክሩ ነው። የእኛ የ«ሀ» ጉዳይ የስህተት ክርክር ነበር፤ እኛ እንደ ምርጫ ቆጥረን እጅ አወጣንበት።

ግርድፍ መግባባት

የኢንተርኔት ምሕንድስና ግብረ ኃይል፣ ባለሙያዎቹ አይኢቲኤፍ የሚሉት፣ በጃንዋሪ 1986 ሳንዲያጎ ላይ በ21 ሰዎች የጀመረ ጉባኤ ነው። አባልነት የለውም፤ የፈለገ ይገባል፣ የሚናገረውም በራሱ ስም እንጂ በመሥሪያ ቤቱ ስም አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ድምፅ መስጠት ከመነሻው ያስቸግራል፤ አባል በሌለበት የማን ድምፅ ይቆጠራል?

የአሠራሩ መፈክር የተወለደው ከቁጣ ነው። በ1992 የኢንተርኔት አድራሻዎች እያለቁ መሆኑ ታውቆ ነበር። በጁን ወር ጃፓን፣ ኮቤ ከተማ ላይ የተሰበሰበው የበላይ ቦርድ (የአርክቴክቸር ቦርዱ) የወደፊቱ ፕሮቶኮል ከተፎካካሪው የኦኤስአይ ቤተሰብ ተወስዶ እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። ጥቂት ሰዎች ከላይ ሆነው የወሰኑት ነው ብለው መሐንዲሶቹ ተነሡ። በወሩ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ላይ በተደረገው ጉባኤ ቦርዱ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከነባር መሐንዲሶቹ አንዱ የሆነው ዴቪድ ክላርክም ነገሥታትን፣ ፕሬዚዳንቶችንና ድምፅ መስጠትን አንቀበልም፣ የምናምነው በግርድፍ መግባባትና በሚሠራ ኮድ ነው አለ። ያ አባባል ዛሬም በካናቴራ ላይ ታትሞ ይለበሳል።

ለብዙ ዘመን ነገሩ በቅርብ ሲታይ ይህን ይመስል ነበር። አንድ የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ላፕቶፑን ታቅፎ ተቀምጧል። ሰብሳቢዋ «ሀሳብ አንድን የምትደግፉ አሁን ድምፅ አሰሙ» ትላለች። ማንም እጁን አያወጣም፤ አፋቸው እንደተዘጋ «እምምም» ይላሉ። ቀጥላ «የምትቃወሙስ?» ትላለች፤ ሌላ «እምምም» ይሰማል። ሰብሳቢዋ የምታዳምጠው የትኛው እንደጎላ ነው፤ ማን የማን ሠራተኛ እንደሆነ አይታይም፣ ቁጥር አይወጣም። አለቃው ጎኑ የተቀመጠበት ሰው እንኳ አፉን ሳይከፍት የልቡን ሊል ይችላል። በ2020 ጉባኤው በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ኢንተርኔት ሲዛወር ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ተሠርቶ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ በእጅ ማውጫ ቁልፍ ተተካ። እኔ የድሮው ይናፍቀኛል፤ ቁጥር ከታየ ሰው ወዲያው ወደ መቁጠር ይሄዳል።

አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ነገር የመጨረሻ ውሳኔ አይደለም። ቪዛ ያልተሰጣቸው፣ አውሮፕላን የመሳፈር አቅም የሌላቸው ሰዎች ተቃውሟቸውን እንዲያሰሙ በቡድኑ የኢሜይል መልእክት ልውውጥ እንደገና ይጠየቃል። ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ ሆኖ በርቀት መከታተል ይቻላል፤ ክፍያው የከበደው ነፃ እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በ1998 የወጣው የሥራ ቡድኖች መመሪያ 51 በመቶ ግርድፍ መግባባት እንደማይባል፣ 99 በመቶ ደግሞ ከግርድፍም በላይ እንደሆነ ይናገራል፤ በመካከሉ ያለውን ለሰብሳቢው ይተወዋል። በ2014 ፒት ሬስኒክ ያዘጋጀው አርኤፍሲ 7282 የሚባለው ሰነድ ከዚያ ርቆ ይሄዳል። 100 ሰዎች ደግፈው አምስት ቢቃወሙ መግባባት ላይኖር ይችላል፤ አምስት ደግፈው 100 ቢቃወሙም መግባባት ሊኖር ይችላል ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሚስጥሩ ሰነዱ ተቃውሞን እንጂ ተቃዋሚን የማይቆጥር መሆኑ ነው። አምስቱ እውነተኛ ቀዳዳ አሳይተው 100ው «ግድ የለም» ብቻ ካሉ ቀዳዳው አልተደፈነም። 100ው በአንድ ሰሞን ተጠራርተው መጥተው ቀደም ሲል መልስ ያገኘ ነገር ቢደግሙም አዲስ ነገር አላመጡም።

ስለዚህ ተቃዋሚው መርካት የለበትም፤ መልስ ማግኘት ግን አለበት። «የአንተ ነጥብ ይህ ነው፣ ዋጋው ይህ ነው፣ አውቀን ተቀብለነዋል» የሚል መልስ መልስ ነው። «በዛንባችሁ» መልስ አይደለም።

እዚህ ላይ ሽምግልና ለለመድን ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እኛ ዘንድ ጥሩ ሽማግሌ «አንተም ትንሽ ተው፣ አንተም ትንሽ ተው» ብሎ ያስታርቃል። የድንበር ጠብ ላይ ይሠራል፤ መሬት ለሁለት ይከፈላል። ፕሮቶኮል ግን ለሁለት ሲከፈል ብዙ ጊዜ ሁለቱም ወገን የማይፈልገው፣ ለመሥራትም የሚከብድ ነገር ይወጣል። አርኤፍሲ 7282 ራሱ «ያንተን ከደገፍኩ የእኔን ትደግፋለህ» ከሚል መደራደር ያስጠነቅቃል። ሰብሳቢ መጠየቅ ያለበት «ሁላችሁም ደስ ብሏችኋል?» ብሎ አይደለም። «ከዚህ ጋር መኖር የማይችል አለ? ካለስ ለምን?» ነው።

በእኛ ቡድን ሁለተኛው ዙር ላይ ያዳነን ይህ ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሰዎች መኖር የማይችሉት ፊደል ተለውጦ ከመቀመጡ ጋር ነበር፤ በፍለጋ ጊዜ ከመመሳሰሉ ጋር ጠብ የላቸውም። አምስታችን የፈለግነው ደግሞ ፍለጋውን ብቻ ነበር። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፣ ማመሳሰሉ በፍለጋ ሰዓት እንደየቋንቋው ይሠራ ተባለ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም፤ እጅ ያወጣም የለም።

የዚህ መንገድ ድካም ሁለት ነው። አንዱ ጽናት ያለው ሰው ይጠቀምበታል፦ ኢሜይል ለመጻፍ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ከሚጽፈው በላይ ይሰማል። ሁለተኛው ዝምታ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ የሚወጣ ሰው ባለበት ቤት ሰብሳቢው ዝምታን መግባባት ብሎ ይመዘግበዋል፤ ሰውየው በኋላ ሥራውን ባለመሥራት ይናገራል። የእኛ አገር ሰብሳቢ ይህን መንገድ ከመረጠ ዝም ያሉትን በየስማቸው፣ ቢቻል ለብቻቸው መጠየቅ ይኖርበታል።

በሰብሳቢው ውሳኔ ያዘነ ሰው ይግባኝ አለው፤ መጀመሪያ ለራሱ ለሰብሳቢው፣ ከዚያ ለዘርፉ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለመሪ ኮሚቴው፣ ከዚያም ለአርክቴክቸር ቦርዱ። ግርድፍ መግባባትን ያለ ይግባኝ አትውሰዱት። አለዚያ ለሰብሳቢው ፈቃድ የተሰጠ ሌላ ስም ይሆናል።

ገንዘብ ሲገባበት

ግርድፍ መግባባት የስህተት ክርክርን ያህል የጥቅም ክርክር አይሆንለትም። የዌብአርቲሲን ጉዳይ ልንገራችሁ። ብራውዘር ከብራውዘር ጋር ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም የቪዲዮ ጥሪ እንዲያደርግ ሁሉም የሚያውቀው አንድ የቪዲዮ ኮዴክ (ምስልን አጭቆ የሚልክና መልሶ የሚፈታ ዘዴ) ያስፈልግ ነበር። እጩዎቹ ሁለት ናቸው፦ ጉግል በነፃ የለቀቀው ቪፒ8 እና በየስልኩ ቺፕ ውስጥ የገባው፣ ግን የፓተንት ክፍያ ያለበት ኤች.264። ጥራታቸው የሚያጣላ አልነበረም። አንዱ ወገን «ክፍያ ያለበትን ነገር ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ማስገባት አልችልም» ይላል፤ ሌላው «ነፃ ነው ያላችሁት ላይ ነገ የፓተንት ክስ ቢመጣስ?» ይላል።

በኦክቶበር 2013 ሲስኮ ኤች.264ን የሚሠራ ፕሮግራም በነፃ እንደሚያድልና የፓተንት ክፍያውን ራሱ እንደሚከፍል አስታወቀ። በሚቀጥለው ወር ቫንኩቨር ላይ አዳራሹ «እምምም» አለ፤ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ የመጣው የሚያስቅ ነው፦ ድምፅ መስጠትን የማይቀበለው ቤት፣ ድምፅ እንስጥ ወይስ ሌላ ዘዴ እንፈልግ በሚል እንደገና ተከራከረ። በዚያም አልተግባቡም፤ ነገሩ እንዲቆይ ተደረገ። ከዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2014 ሆኖሉሉ ላይ፣ ብራውዘሮች ሁለቱንም ይያዙ ተባለ፤ ሰነዱ አርኤፍሲ 7742 ሆኖ በ2016 ወጣ።

ይህ ከላይ ያወገዝኩት ግማሽ ለግማሽ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ትንሽ ነው፤ አልክድም። ብራውዘር ሠሪው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቢሆንም ሁለቱ ኮዴኮች ሳይቀላቀሉ እያንዳንዱ ሙሉ ሆኖ ቀርቷል፤ የተከፈለውም ዋጋ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ነገሩን ያለዘበው ደግሞ ክርክሩ ሳይሆን የሲስኮ ክፍያና ያለፈው ዓመት ነው። የጥቅም ጠብ ሲያጋጥማችሁ አንዳንዴ ትክክለኛው እርምጃ «ማነው የሚከፍለው?» ብሎ በግልጽ መጠየቅና ማቆየት ነው።

የእምነት ክርክር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ቲኤልኤስ 1.3 የተባለው የምስጠራ ፕሮቶኮል ሲዘጋጅ፣ የራሳቸውን የመረጃ ማዕከል የሚቆጣጠሩ ድርጅቶች፣ ከእነሱም የፋይናንስ ተቋማት፣ ያለፈ የኔትወርክ ልውውጥን ፈትተው የሚያዩበት መንገድ እንዲተው ጠየቁ። ሌሎቹ ሆን ተብሎ የሚተው ቀዳዳ ለሁሉም ሰላይ ይተርፋል አሉ። በማርች 2018 ለንደን ላይ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰብሳቢዎቹ መግባባት የለም ብለው ሐሳቡን ዘጉት። መግባባት ሲጠፋ የሚያሸንፈው ያለው ነገር ነውና ፕሮቶኮሉ ያለ ቀዳዳ በኦገስት 2018 ወጣ። የተሸነፉት ግን ዝም አላሉም፤ በዚያው ዓመት ኢቲኤስአይ የተባለው የአውሮፓ የስታንዳርድ ተቋም የፈለጉትን ዓይነት ሌላ ቅጂ አወጣ። በእናንተ ቤት በር የተዘጋበት ሰው ጎረቤት ሄዶ እንደሚያንኳኳ አስቡበት።

ድምፅ መቁጠር

ድምፅ መስጠት ፈጣን ነው፣ ግልጽ ነው፣ መዝገብ ላይ ያምራል። ዋይፋይንና ኤተርኔትን ያወጡት የአይ ትሪፕል ኢ 802 ቡድኖች ለቴክኒካዊ ውሳኔ 75 በመቶ ይጠይቃሉ፤ የመምረጥ መብት የሚገኘው በስብሰባዎች ላይ በመገኘት ነው። የዋይፋይ ስኬት ይህ መንገድ እንደሚሠራ ይመሰክራል።

የከፋውን መልኩን ለማየት 802.15.3ኤ የተባለውን ቡድን ተመልከቱ። ሥራው በአጭር ርቀት እጅግ ፈጣን የሬዲዮ ግንኙነት ማውጣት ነበር። ብዙ ሐሳቦች ቀርበው በ2003 ሁለት ብቻ ቀሩ፤ ከኋላቸው ሁለት የኩባንያዎች ጎራ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ድምፅ ይሰጣል፣ 75 በመቶ አይሞላም፣ እንደገና ይሰጣል፣ አይሞላም። የመምረጥ መብት በመገኘት ስለሚገኝ የበለጠ ሰው መላክ አንዱ መሣሪያ ይሆናል፤ ያኔ መሐንዲስ የሚላከው እንዲያስብ ሳይሆን እንዲቆጠር ነው። በጃንዋሪ 2006 ቡድኑ ፈረሰ። ሁለቱ ጎራዎች የየራሳቸውን ይዘው ገበያ ወጡ፤ ገበያው ሁለቱንም ረሳቸው።

በአገር ደረጃ የሚቆጠር ድምፅም ከዚህ ፈተና አያመልጥም። አገሮች በሚወከሉበት ዓለም አቀፍ የስታንዳርድ ድርጅት፣ አይኤስኦ፣ ላይ ረቂቅ እንዲያልፍ ከተሳታፊ አባላት ሁለት ሦስተኛው መደገፍ፣ ከጠቅላላው ድምፅ ደግሞ ተቃውሞው ከሩብ አለመብለጥ አለበት። የማይክሮሶፍት የሰነድ ቅርጽ፣ ኦኦኤክስኤምኤል፣ በሴፕቴምበር 2007 በ53 በመቶ ድጋፍና በ26 በመቶ ተቃውሞ ወደቀ፤ በ2008 ተስተካክሎ አለፈ። ከመጀመሪያው ውጤት ቀደም ብሎ፣ በኦገስት 2007፣ በስዊድን የተሰጠው ድምፅ አንድ ተሳታፊ ከአንድ ጊዜ በላይ ድምፅ በመስጠቱ ተሰርዞ ነበር።

እኔ ድምፅን የምመክረው ለምርጫ ክርክር ነው። የመስኩ ስም «ቀን» ይሁን ወይስ «ዕለት»? ሁለቱም ይሠራሉ። እጅ አውጡና እለፉ። ለዚህ ዓይነቱ ሦስት ሰዓት መጨቃጨቅ ኃጢአት ነው።

አንድ ሰው ካልተስማማ አይሆንም

የድረ ገጾች የፕሮግራም ቋንቋ የሆነውን ጃቫስክሪፕትን የሚያሳድገው ቲሲ39 የተባለው ኮሚቴ ሐሳቦችን በደረጃ ያሳልፋል፤ ወደሚቀጥለው ደረጃ ለማለፍ የተገኙት ልዑካን በሙሉ መስማማት አለባቸው። አንድ ልዑክ ሊያስቆም ይችላል። የሚያስፈራ ይመስላል፤ ምክንያቱን ሲያዩት ግን ልክ ነው። ብራውዘር ውስጥ አንዴ የገባ ነገር አይወጣም። በ1995 በችኮላ የተፈጠረ ስህተት፣ «ባዶ» የሚባለው ዋጋ ዓይነቱ ሲጠየቅ «ኦብጀክት ነኝ» ማለቱ፣ ዛሬም እንዳለ አለ፤ ቢታረም የሚሰበሩ ድረ ገጾች ስላሉ። በ2018 «ፍላተን» የሚል ስም ለአንድ አዲስ ተግባር ሊሰጥ ሲል አሮጌ ድረ ገጾችን እንደሚሰብር ታወቀ፤ አንዱ በቀልድ «ስሙሽ» እንበለው ብሎ ብዙ ሰው አስቆጣ፣ መጨረሻው «ፍላት» ሆነ።

የግዕዝ ፊደልም የዚህ ቤተሰብ ነው። ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ስታንዳርድ፣ በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የገቡት ፊደሎቻችን ከተሰጣቸው ቁጥር ዳግም አይነቃነቁም፤ የዩኒኮድ የማይለወጥ ደንብ ነው። ውሳኔያችሁ እንዲህ የማይመለስ ከሆነ ሙሉ ስምምነትን ጠይቁ። የሚመለስ ከሆነ አትጠይቁ፤ አንድ እልኸኛ ሰው ዓመታችሁን ይበላዋል።

የሚሠሩት ይወስኑ

የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ የሆነውን ኤችቲኤምኤልን ዛሬ የሚያዘጋጀው ዋትደብልዩጂ የተባለው ቡድን በ2004 በአፕል፣ በሞዚላና በኦፔራ ሰዎች የተመሠረተ ነው። አሠራሩ አጭር ነው፦ አንድ አዘጋጅ ይጽፋል፤ ለውጥ የሚገባው ቢያንስ ሁለት ብራውዘር ሠሪዎች ሲደግፉት ነው፤ ካልተግባቡ የአፕል፣ የጉግል፣ የማይክሮሶፍትና የሞዚላ ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ያያል። ማንም የማይሠራው ነገር ሰነድ ላይ ምን ያደርጋል የሚል እምነት ነው፤ ከሚሠራው ኮድ ጎን የቆመ።

ብራውዘርና ድረ ገጽ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል፣ ኤችቲቲፒ ሁለት፣ ሲዘጋጅ ይኸው እውነት በሌላ በር ገባ። ምስጠራ ግዴታ ይሁን በሚለው ላይ አይኢቲኤፍ መግባባት ስላልደረሰ በ2015 የወጣው ሰነድ አያስገድድም። ክሮምና ፋየርፎክስ ግን ያለ ምስጠራ አንሠራውም አሉ፤ ለተራው ተጠቃሚ ግዴታ ሆነ ማለት ነው። ሰነዱ አንድ ነገር ይላል፣ የሚሠራው ሰው ሌላ።

ጉድለቱ ግልጽ ነው። የሚሠሩት ሲያንሱ ወንበሩም ያንሳል። ኦፔራ በ2013፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2020 የጉግልን የብራውዘር ሞተር (ገጹን የሚያሳየውን የውስጥ ክፍል) ከወሰዱ በኋላ በስፋት የሚሠራባቸው የብራውዘር ሞተሮች ሦስት ቀርተዋል። ዓይነ ስውሩ ተጠቃሚ፣ በአማርኛ የሚጽፈው ሰው፣ ርካሽ ስልክ የያዘው ሰው ከእነሱ መካከል ወንበር የለውም። ይህን መንገድ ከመረጣችሁ ሠሪ ያልሆኑትን የሚሰማ ጆሮ በተለየ አዘጋጁ።

ዳኛና ዕጣ

የድሩ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ በ1994 የመሠረተው የድር ስታንዳርድ ድርጅት፣ ደብልዩ3ሲ፣ መግባባትን ይፈልጋል፤ ካልተገኘ አባል መደበኛ ተቃውሞ ያስመዘግባል፣ ዳኛ ይወስናል። ለረጅም ዘመን ዳኛው ራሱ በርነርስ-ሊ ነበር። በ2017 በብራውዘር ውስጥ ለሚታዩ ፊልሞች መቆለፊያ የሚሆነውን ኢኤምኢን በተቃውሞ ላይ አጸደቀ፤ ይግባኝ ተባለ፤ አባላት ድምፅ ሰጡ፤ 58.4 በመቶ ደገፈ። በሴፕቴምበር 18 ስታንዳርዱ ሲወጣ ለዲጂታል መብት የሚሟገተው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በዚያው ቀን ከአባልነት ለቀቀ። ከ2023 ጀምሮ በአንድ ሰው ፈንታ ምክር ቤት ይዳኛል። የእምነት ክርክርን ከቡድኑ ውጭ ሆኖ የሚወስን አካል ሊዘጋው ይችላል፤ ሊያስታርቅ ግን አይችልም፣ የሚለቅም ይኖራል።

ዕጣን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ አልንቀውም። አይኢቲኤፍ መሪዎቹን የሚመርጠውን ኮሚቴ አሥር ድምፅ ሰጪ አባላት የሚያወጣው ከፈቃደኞች መካከል በዕጣ ነው፤ ስሌቱም ማንም ራሱ ደግሞ እንዲያረጋግጠው እንደ ሎተሪ ቁጥር ካለ፣ ቀድሞ ከተነገረ የአደባባይ ምንጭ ይነሣል። እቁብ የጣለ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም፤ ዕጣ የሚታመነው ሁሉ ዓይን እያየ ሲወጣ ነው። በ2004 የወጣ አንድ ሰነድ መግባባት የታገደባቸው ቡድኖች ወደ ውጭ ገምጋሚዎች ወይም ወደ ዕጣ እንዲሄዱ መንገድ ጠቁሟል። ቅድመ ሁኔታው ግን ቡድኑ ወደዚያ ለመሄድ ራሱ መግባባቱ ነው። የኮዴኩ ክርክር የተጣበቀው እዚህ ላይ ነበር፤ ጠቡ ከጋለ በኋላ አወሳሰን መምረጥ አይቻልም፣ ሁሉም የትኛው ዘዴ እንደሚጠቅመው ያውቃልና።

መተዳደሪያ ደንብ ላይ ምን ይጻፍ?

እኛ የ«ሀ»ን ነገር ከዘጋን በኋላ፣ ሌላ ጠብ ሳይነሣ፣ ይህን ጽፈናል፦

«ውሳኔ በግርድፍ መግባባት ይተላለፋል፤ ለእያንዳንዱ ቴክኒካዊ ተቃውሞ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል። የቀረቡት አማራጮች ሁሉ እንደሚሠሩ ሁሉም አባል ከተቀበለ ሰብሳቢው ድምፅ ሊያሰጥ ወይም ዕጣ ሊያወጣ ይችላል። የተከማቸ መረጃን መልሶ እንዳይገኝ አድርጎ የሚለውጥ ውሳኔ የሁሉንም ስምምነት ይጠይቃል። በሁለት ተከታታይ ስብሰባ መግባባት ካልተገኘ ነገሩ ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ እስከዚያ ያለው ይቀጥላል።»

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በአምስት ደቂቃ አለፈ። ሦስተኛውን ሁለቱ ሰዎች ናቸው ያጻፉት፤ ማንም አፉን አልከፈተም። ያደከመን የመጨረሻው ነው፦ «ለተወሰነ ጊዜ» የሚለው ሦስት ወር ይሁን ወይስ ስድስት? ግማሽ ሰዓት ከተጨቃጨቅን በኋላ አንዷ ባልደረባችን «ሁለቱም ይሠራሉ አይደል?» አለች። ወረቀት ቀዳ አጠፈችና ኩባያ ውስጥ ጣለችው። ስድስት ወጣ።